ጥሩ ምላስና ቀጥ ያለ ምላስ

ልጆቼ፣

በጥብቅና ፀጉሬ ሸብቷል። "አንደበተ ርቱዕ ለመሆን ምን ላድርግ?" የሚለኝ ወጣት ግን ዛሬም አልጠፋም። መልሴን ከአንድ የጥንት ግሪክ ቃል ልጀምር፤ ኤውግሎቲያ። "ኤው" መልካም፣ "ግሎታ" ምላስ። ጥሩ ምላስ እንደማለት ነው።

ሙገሳ ይመስላል፤ ሁሌ ግን አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 አሪስቶፋነስ አቴንስ ላይ ያሳየው "ደመናዎቹ" የተባለ ኮሜዲ አለ። ዕዳ ያጎበጠው ሽማግሌ አበዳሪዎቹን በክርክር ሊሸውድ ንግግር ለመማር ይሄዳል። "ብቻ ይሳካልኝ እንጂ ሰው የፈለገውን ይበለኝ" ባይ ነው፤ ደፋር፣ ባለጥሩ ምላስ፣ ዓይን አውጣ፣ ውሸት አጣባቂ። ቃላችን ከእነማን ጋር እንደተሰለፈ አያችሁ? እኛ አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የምንለው ዓይነት።

ላዳላና የእኛው "አንደበተ ርቱዕ" ይሻለኛል። "ርቱዕ" ግእዝ ነው፤ ቀጥ ያለ ማለት።

አፉ ውስጥ ጠጠር ከትቶ ይለማመድ ነበር የሚባለውን የጥንቱን የአቴንስ ተናጋሪ ዴሞስቴንስን ሰምታችኋል። ጠጠሩን ተዉት፤ ስለ ውሃው ላውራችሁ። በአቴንስ ፍርድ ቤት ንግግር የሚለካው በውሃ ነበር። ከታች ቀዳዳ ያለው የሸክላ ዕቃ ነው፤ ክሌፕሲድራ ይሉታል፣ "ውሃ ሌባ"። እዚያው አቴንስ፣ አጎራ በሚባለው የጥንቱ አደባባይ በቁፋሮ የተገኘው 6.4 ሊትር ይይዛል፤ የባለ 25 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሩብ መሆኑ ነው። ፈስሶ የሚያልቀው በ6 ደቂቃ ገደማ ነው። ትልቅ ጉዳይ ብዙ ውሃ ይፈቀድለታል። በግል ክርክር ላይ ሕግ ወይም የምስክር ቃል ሲነበብ ተናጋሪው "ውሃውን ያዝልኝ" ይላል፤ ቀዳዳው ይደፈናል።

እኔ ወጣት ሳለሁ ውሃ የሚለካልኝ አልነበረም። አንድ የቤት ክርክር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ተረቱ፣ ቅኔው፣ ጥቅሱ፤ ምኑ ቀረ! ስጨርስ ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡና "ታዲያ የሚጠይቁት ዳኝነት ምንድን ነው?" አሉኝ። ዞር ስል ደንበኛዬ አንገቷን ደፍታለች።

ከዚያ ወዲህ ችሎት ባለኝ ቀን የምጠይቀውን ዳኝነት በአንድ መስመር እጽፍና ጉዳዩን ለባለቤቴ እነግራታለሁ። ሕግ አልተማረችም። ቡና እየቀዳች ትሰማኛለች። መሃል ላይ "ገባኝ፣ በል ጠጣ" ካለችኝ፣ የቀረውን ችሎትም አልወስደው።