ቀን ያልተቆረጠለት ትዕዛዝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ትንሿ ዘንድሮ ገና አፀደ ሕፃናት ገባች። ከመሥሪያ ቤት ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ እያዘጋጀሁ በቴሌግራም ለሚያዙኝ ሰዎች እሸጣለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ደንበኛ አላጣሁም፤ በሳምንት እስከ 20 ሰው ያዘኛል። ችግሬ ሌላ ነው። ስሯሯጥ እውልና ማታ ዞር ብዬ ሳየው ያለቀ ሥራ የለም። የአንዷን ሳልጨርስ ሌላዋ ትደውላለች። እህሉ ታምሶ ሳይለቀም ጎረቤት ቡና ትጠራኛለች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ነጭ ሽሮ ላዘዘችኝ ሴት ምጥን ላክሁላት። ብሩም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አላውቅም። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን «ቤት እየዋልሽ እንዴት ይደክምሻል?» ሲለኝ እንባዬ ይመጣል። ጓደኛዬ ሥራ የሚያደራጅ አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚ ትለኛለች። እርስዎ ይህን ሥራ ለብዙ ዓመት ከቤትዎ ሠርተዋልና እንዴት እንዳደረጉት ይንገሩኝ።
(ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ነው። «እንባዬ ይመጣል» ያልሽበት ላይ ስደርስ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ማታ ቤቴ ገብቼ እንደገና አነበብኩት። ድካምሽን አውቀዋለሁ። ሽሮና በርበሬ መሸጥ የጀመርኩት በ1994 ዓ.ም. ነው፤ ጉለሌ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን ስንኖር። ዘንድሮ 24 ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ልክ እንደ አንቺ ነበር የሠራሁት።

እንደ ገባኝ ከሆነ ሥራሽን የሚመራው መጨረሻ ላይ የደወለው ሰው ነው። አንዷ ስትደውል ለእሷ ምጣድ ትጥጃለሽ፤ ሌላዋ ስትደውል የመጀመሪያዋን ትተሽ ወደ እሷ ትዞሪያለሽ። ለ20 ሰው 20 ጊዜ ትጥጃለሽ፣ 20 ጊዜ ታጥቢያለሽ፣ 20 ጊዜ ትመዝኛለሽ። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ቀን ቁረጪ። ደንበኛ ሲያዝሽ «እሺ» ብቻ አትበይ፤ «እሺ፣ ዓርብ ይደርስልዎታል» በይ።

እኔ ይህን የተማርኩት በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። አንዲት እናት አሜሪካ ላለ ልጃቸው የሚልኩት 8 ኪሎ በርበሬ አዘዙኝ። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ስንቁን የሚይዘው ሰው የሚበረው ሐሙስ ማታ። እሺ አልኩ። ዛላውን ቀንጥሼ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበሶብላ ደልዤ አሰጣሁት። ማክሰኞ ዘነበ፤ ረቡዕም ዘነበ። ምጣድ ላይ እያገላበጥኩ ላደርቀው ሞከርኩ። ላዩ ደረቀ እንጂ ውስጡ እርጥብ ነበር፤ እጄ ያውቀዋል፣ ግን ቃል ሰጥቻለሁና አስፈጭቼ አስረከብኩ። በሦስተኛው ሳምንት እናትየው ደወሉ። ልጃቸው ሲከፍተው በርበሬው ጓጉሎ፣ መሐሉ ሻግቶ አገኘው። ብራቸውን መለስኩ። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ ሌላ 8 ኪሎ ያለ ክፍያ ሠራሁላቸው። እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ናቸው፤ እኔ ግን ያንን ሳምንት አልረሳውም። በኋላ እንደተማርኩት በሻገተ በርበሬ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል፤ እሱ ደግሞ ወጥ ሲበስል በእሳት ብቻ አይጠፋም። ቸኩለሽ ያስረከብሽው በርበሬ የሰው ልጅ ገበታ ላይ የሚቀርብ ነውና ይህን በጣም አስቢበት።

ከዚያ ወዲህ የዓመቱን ሥራ ቀን የምቆርጠው በፀሐይና በጾም ነው። ዛላ በርበሬ የምገዛው አዲሱ የማረቆና የሀላባ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ፀሐዩም ያኔ ነው። የዓመቱን በርበሬ ቀንጥሼ፣ ደልዤ፣ አድርቄ፣ ቅመሙን ጨምሬ ሳይፈጭ በጆንያ አስቀምጠዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ የሚበቃኝን ብቻ እያወጣሁ አስፈጫለሁ፤ መዓዛውም አይጠፋም። ሽሮ ደግሞ በጾም ነው የሚፈለገው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 በፊት አይገባም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ስለዚህ ለሁዳዴ የሚሆነው እህል ጥር ላይ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ተለቅሞ መጠበቅ አለበት። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ያ ክረምት ነው። ነሐሴ ላይ የሚሸጠውን ሽሮ ግንቦት ላይ ያላደረቀ ሰው በዝናብ ቀን ሲያለቅስ ነው የሚውለው። አንቺም ዛሬ ማታ አንድ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አውጥተሽ እነዚህን ወራት አክብቢባቸው። እስከ ዛሬ የደከምሽው ግማሹ ወሩን ሳታዪ በሳምንቱ ስለታገልሽ ይመስለኛል።

ሳምንቱን የእኔን ልንገርሽ፤ አንቺ እንደ ቤትሽ አስተካክይው። ሰኞ የግዢ ቀን ነው፣ መርካቶ እህል በረንዳ እሄዳለሁ። ትዕዛዝ የምቀበለው እስከ ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያዘዘ ለሚቀጥለው ሳምንት ይጻፋል። ረቡዕ ማመስና መልቀም። ሐሙስ በጠዋት ወፍጮ ቤት። መብራት ቢጠፋ የዓርብ ጠዋት መጠባበቂያ አለኝ። ዓርብ ከሰዓት መመዘን፣ ማሸግና ለሞተረኛ ማስረከብ። ቅዳሜ ምንም አልጽፍበትም። ለቅሶ አለ፣ የታመመ ጥየቃ አለ፣ የልጅ ትኩሳት አለ። እድርተኛ ሆነሽ ስድስቱንም ቀን በሥራ ከሞላሽው የመጀመሪያው ቀብር ሳምንትሽን ያፈርሰዋል። እኔ ረቡዕ ለቀብር ከሄድኩ የረቡዕን ሥራ ቅዳሜ እሠራዋለሁ፤ ለዓርብ ደንበኞቼም ያንኑ ዕለት ደውዬ እነግራለሁ።

«ደንበኛ ጥሎኝ ይሄዳል» ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። የተወሰኑት ሄዱ። የቀሩት ግን ዓርብን ለመዱት፤ አሁን ማክሰኞ ሲመሽ ሳላስታውሳቸው ራሳቸው ይልኩልኛል።

አፑን አልቃወምም፤ የሚጠቅመው ሰው ይኖራል። ግን በርበሬ የነካ እጅ ስልክ አይነካም፤ የእኛ እጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በርበሬና ዱቄት ነው። የእኔ ትዕዛዝ የሚጻፈው ማድ ቤት በር ላይ በተለጠፈ ሰፊ ወረቀት ነው፤ እርሳሱ በክር ታስሮ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። የሰው ስም፣ ምን እንዳዘዘ፣ ስንት ኪሎ፣ ጨው ይግባበት አይግባበት፣ ስንት ቀብድ እንደከፈለ፣ የትኛው ዓርብ እንደሚወስድ ይጻፋል። ቀብድ ያልከፈለ ወረቀቱ ላይ አይወጣም። የቴሌግራም መልእክትና የድምፅ መልእክት የማዳምጠው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 3 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው፤ ሌላውን ጊዜ የስልኩ ድምፅ ይጠፋል። ልጆችሽ ትምህርት ቤት ናቸውና የአስተማሪያቸውና የባለቤትሽ ቁጥር ብቻ እንዲጮህ አድርጊው።

የነጭ ሽሮውና የምጥኑ መቀያየር የሚመጣው ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ ነው። በላስቲክ ውስጥ ሆኖ በማታ መብራት ዓይን ይሳሳታል። ገና ወፍጮ ቤት ሳለሽ የነጩን አፍ በነጭ ክር፣ የምጥኑን በቀይ ክር እሰሪው። ሁለት ክር ነው፤ እኔን ብዙ ኀፍረት አድኖኛል። ላሳሳትሻት ሴት ደግሞ ነጩን ላኪላት፣ ምጥኑንም አትመልሽባት።

የኮንዶሚኒየሙ ጉዳይ ያሳስበኛል። በርበሬ ሲታመስ ጢሱ ደረጃው ላይ ይሞላል፤ ጎረቤት ያስላል፣ የትንሿ ልጅሽም ደረት ገና ነው። ግቢያችሁ ውስጥ የጋራ ማብሰያ ቤት ካለ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረሽ ለረቡዕ ተራ ያዢ። ከሌለ ልጆቹ ሳይመጡ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት በረንዳ ላይ ሥሪው፤ ከላይና ከታች ላሉት ጎረቤቶች ቀድመሽ ቀኑን ንገሪያቸው። ሚዛንሽንም ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጪውና ከዚያ አታንሺው። ሚዛን በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር ሥራ ይበተናል።

ስለ ቡናው፣ ጎረቤትሽን አትሽሺያት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። እኔ ያደረግኩት የራሴን የቡና ተራ ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ማድረግ ነው። ወፍጮው አልቆ፣ ሽሮው እየቀዘቀዘ እኔም የማርፍበት ሰዓት ነው። ሦስቱንም እንጠጣለን፣ አቦልም ቶናም በረካም። በሌላው ቀን ጎረቤቴ ስትጠራኝ «ሐሙስ እኔ ጋ ነው» እላታለሁ። ዛሬ እነዚያ ጎረቤቶቼ ኅዳር ላይ ዛላ ሲቀነጠስ መጥተው ከጎኔ ይቀመጣሉ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ለቤትሽ ወጥ ከምትሸጪው በርበሬ ትጨልፊ እንደሆነ ደብዳቤሽ አይናገርም፤ ግን ትጨልፊያለሽ፤ ሁላችንም እናደርገዋለን። አማት ስትመጣ ግማሽ ኪሎ፣ እህት ስትመጣ አንድ ኪሎ። ስጪ፣ መስጠት ጥሩ ነው። ነገር ግን ከመስጠትሽ በፊት መዝኚው፣ ወረቀቱ ላይ «ቤት» ብለሽ እንደ አንድ ደንበኛ ጻፊው። የመጀመሪያውን ዓመት ስመዝነው ቤቴ ከደንበኞቼ ሁሉ ትልቁ ሆኖ አገኘሁት፤ ያም ገንዘቡ የት እንደገባ አሳየኝ። ዛላ ስትገዢም ግንዱ ከወጣለትና ከደረቀ በኋላ እንደገና መዝኚ፤ ዋጋሽን የምታወጪው በገዛሽው ኪሎ ሳይሆን በቀረልሽ ኪሎ ነው። ይህን የማያደርጉ ስንቶች በኪሳራ እየሸጡ ሥራ የበዛላቸው እየመሰላቸው ሲደክሙ አይቻለሁ።

ድሮ ብሩን በሁለት ጣሳ ነበር የማስቀምጠው፣ የሥራና የቤት። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲመጣ ሁለተኛ ሲም አወጣሁ። የሥራው ሁሉ በዚያ ቁጥር ይገባል፣ የእህልና የወፍጮውም ከዚያው ይወጣል። ለራሴ በየወሩ መጨረሻ የተቆረጠ ብር ወደ ቤት ቁጥሬ አስተላልፋለሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ገቢና ወጪዬ ተለይቶ ይታያል፤ የግብር ጊዜ ሲመጣም እንቅልፍ አላጣም። ፈቃድ ካላወጣሽ ወረዳሽ ሄደሽ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያስፈልገውን ጠይቂ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ አትከራከሪው። ዓርብ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀቱን ከበሩ ላይ አውርደሽ አብራችሁ ደምሩት። አንቺ ኪሎውን አንብቢ፣ እሱ ብሩን ይደምር። የእኔው ባለቤት ነፍሱን ይማረውና እሱም እንዲሁ ይለኝ ነበር። አንድ ዓርብ ሲደምር 62 ኪሎ አገኘና ዝም አለ። በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ምንም ሳይለኝ ጆንያውን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ወረደ፤ እስኪታመም ድረስም ሐሙስ የእሱ ቀን ሆነ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ እጠግናለሁ። ሰው በእሑድም፣ በማታ 3 ሰዓትም በር ያንኳኳል። አንዳንዱ ደግሞ ዕቃውን ጥሎ ለወራት ይጠፋል። ቤቱ ሞልቶ መቀመጫ አጣን። ምን ይሻለኛል?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ለእህትህ የጻፍኩትን አንብበው፤ አብዛኛው ለአንተም ይሆናል። የአንተ ግን ቀን ሁለት ነው፤ የሚቀበሉበትና የሚወስዱበት። የሥራ ሰዓትህን በትልቁ ጽፈህ የግቢው በር ላይ ስቀል። በማታ የመጣን ሰው በትሕትና «ጠዋት ይመለሱ» በለው፤ ባለቤትህም ልጆችህም ይህንኑ ይበሉ። ዕቃ ስትቀበል ስሙን፣ ስልኩን፣ ብልሽቱን፣ የተቀበልክበትንና የሚወስድበትን ቀን ካርቶን ላይ ጽፈህ እሰርበት፤ ለእሱም ያንኑ የጻፍክበትን ወረቀት ፈርመህ ስጠው። የመመርመሪያ ዋጋ በቅድሚያ ተቀበል። ብር የከፈለ ሰው ዕቃውን አይረሳም። ቀኑ ካለፈ ስንት ቀን እንደምትጠብቅና ከዚያ በኋላ የማስቀመጫ እንደምታስከፍል ወረቀቱ ላይ አስቀድመህ ጻፍ፤ በኋላ ጠብ አይኖርም። አሁን ቤቱን ለሞላው ደግሞ ለእያንዳንዱ ባለቤት ደውል፣ ሦስት ዕቃ በቀን ቢሆን እንኳ። ያለቀለትን በአንድ መደርደሪያ፣ መለዋወጫ የሚጠብቀውን በሌላ ለይና በመጀመሪያ የሳሎኑን ወንበሮች አስለቅቅ፤ ልጆችህ የሚቀመጡበት እነሱ ላይ ነው።