መንታ ሆነው የሚለያያቸው ሽፋን ባይታይስ?

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች እህቴ በጤና ጣቢያ አልትራሳውንድ ስትታይ፣ አዋላጅ ነርሷ «መንታ ናቸው፤ የሚለያያቸው ሽፋን ግን አልታየኝም» ብላ ሆስፒታል ላከቻት። ተጣብቀዋል ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። በአንድ የሽርት ውሃ ከረጢት ውስጥ ሳይጣበቁ የሚያድጉ መንትዮች አሉ፤ ሽፋኑ ስስ በመሆኑም በአነስተኛ መሣሪያ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ተጣብቆ መፈጠር ከ50,000 እስከ 100,000 እርግዝናዎች በአንዱ ገደማ የሚያጋጥም ነው። አዋላጇ አለመገመቷና መላኳ ግን ትክክለኛ ሥራ ነው።

በሆስፒታል የመጣበቅ ምልክት ሆኖ የሚመረመረው፣ ሁለቱ ጭንቅላቶች ዘወትር ትይዩ መሆናቸው፣ እህትዎ ጎኗን ቀይራ ጥቂት ቆይታ ስትታይም አቀማመጣቸው አለመለወጡና የሰውነታቸው ቆዳ ሳይቋረጥ መያያዙ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት እንኳ ሊለይ ይችላል፤ መሣሪያና ባለሙያ በሌለበት ግን ምጥ ላይ ብቻ የሚታወቅበት ጊዜ አለ፤ ይህም ለእናቲቱ እጅግ አደገኛ ነው። መጣበቃቸው ከተረጋገጠ፣ በብዛት የሚታየው በደረት በኩል መያያዝ ስለሆነ፣ ልብ መጋራት አለመጋራታቸው በጥንቃቄ ይታያል፤ የመለያየት ተስፋም በአመዛኙ በዚህ ይወሰናል። ያልተጣበቁ ቢሆኑም በአንድ ከረጢት ካሉ እትብታቸው ሊጠላለፍ ስለሚችል፣ የሪፈር ወረቀቷን ይዛ በዚህ ሳምንት ትሂድ።