አረፋው ሳይወርድ፦ የበዓል ፍሎት ጥያቄዎቻችሁ

በዓል በተቃረበ ቁጥር ስለ ፍሎት የሚጠይቁ መልእክቶች ይበዙልኛል። ለማያውቀው፣ ፍሎት ማለት ቀዝቃዛ ለስላሳ ላይ አይስክሬም ጣል ተደርጎበት ግማሹ በማንኪያ የሚበላ፣ ግማሹ በስትሮ የሚጠጣ ነገር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ግን ቀላል ነገር እንግዳ ፊት ሲበላሽ ያናድዳል። የዛሬዎቹን አራት ጥያቄዎች የመረጥኩት ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው በዓል ለልጆቹ ፍሎት ልሥራ ብዬ አይስክሬሙን ብርጭቆ ውስጥ ከትቼ ኮላውን ስቀዳበት አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛውን አጥለቀለቀው። የጠረጴዛ ልብሱም የልጄ አዲስ ቀሚስም ተበላሸ። አረፋው ሲወርድ ሳየው ደግሞ ብርጭቆው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ምን አጠፋሁ?
*የሦስት ልጆች እናት*

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ያጠፋሽው ቅደም ተከተሉን ነው። ለስላሳ ውስጥ ጋዝ ታምቆ አለ። ጋዙ ሻካራ ነገር ሲነካ መውጫ ያገኛል። አይስክሬም ደግሞ በጥቃቅን የበረዶ ቅንጣትና በአየር የተሞላ ስለሆነ ለስላሳውን ከላይ ስትደፊበት ጋዙ ባንዴ ግር ብሎ ይወጣል። ለስላሳው ብቻውን ቢሆን አረፋው ወዲያው በጠፋ ነበር፤ እዚህ ግን የወተቱ ስብና ፕሮቲን እያንዳንዷን አረፋ ስለሚሸፍናት ሳትፈነዳ ትቆያለች፣ ሌላዋ ከሥሯ ትመጣለች፣ እንዲህ እየተደራረበ ነው ከብርጭቆው አፍ አልፎ የሚፈሰው።

ሙቀትም አለበት። ቀዝቃዛ ለስላሳ ጋዙን አጥብቆ ይይዛል፣ ለብ ያለው ግን ቶሎ ይለቀዋል። ስለዚህ ጠርሙሱን ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው። ፍሪዘር ውስጥ ግን እንዳትከቺው! ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር የታሸገ ጠርሙስ ይፈነዳል።

አሁን 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ረጅም ብርጭቆ ያዢ። ጋደል አድርጊውና ለስላሳውን በጎኑ በኩል ቀስ እያልሽ ቅጂ። 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሹ ጋ ሲደርስ አቁሚ። አረፋው ይውረድ። ከዚያ አንድ ኳስ አይስክሬም በማንኪያ ይዘሽ ወደ ለስላሳው አስጠግተሽ ልቀቂያት፣ ከላይ እንዳትወረውሪያት። ትጠልቅና ተመልሳ ብቅ ትላለች። ትንሽ ጠብቀሽ ሁለተኛዋን ጨምሪ። ጠጋ ብለሽ ብታይ ኳሷ ዙሪያዋን ስስ የበረዶ ቅርፊት ትለብሳለች፤ የነካት ለስላሳ እላይዋ ላይ እየረጋ ነው። ያቺን ቅርፊት በማንኪያ ጫፍ ስትሰብሪያት ኮሽ ትላለች፣ ለእኔ ከፍሎት ሁሉ የምትጣፍጠው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ ኮላ ስለማልወድ በሎሚ ለስላሳ ሞከርኩት። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ ስልክ አንስቼ ስመለስ ግን ወተቱ ቁርጥርጥ ብሎ እንደ ተበላሸ ነገር ሆነ። ደፋሁት። አይስክሬሙ አሮጌ ይሆን?
*ጎምዛዛ ወዳጅ*

መልስ፦ አይስክሬሙ ምንም አልሆነም ወንድሜ፣ መድፋትም አልነበረብህም። ወተት ውስጥ ያለው ዋናው ፕሮቲን አሲድ ሲበዛበት ይሰባሰብና ይረጋል፤ አሲድነቱ ፒኤች በሚባለው መለኪያ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉምዛዜው ይበዛል) 4.6 አካባቢ ሲደርስ ማለት ነው። የሎሚና የብርቱካን ለስላሳዎች ከዚያ በጣም የጎመዘዙ ናቸው። ኮላም እኮ ጎምዛዛ ነው፣ ስኳሩ ስለሚሸፍነው አይታወቅህም እንጂ። የሚያድነን ቅዝቃዜውና ጊዜው ነው። አይስክሬሙ ጠጣር እስከሆነ ድረስ ከለስላሳው ጋር የሚቀላቀለው ትንሽ ነው፤ ከቀለጠ በኋላ ግን መቆራረጡ አይቀርም። መልኩ ያስጠላል እንጂ ጉዳት የለውም።

ጎምዛዛ ከወደድክ ግን ወተት የሌለበትን ተጠቀም። ከፍራፍሬ ጭማቂ፣ ከስኳርና ከውሃ ብቻ የሚሠራው ሶርቤ የሚባለው በሎሚ ለስላሳ ላይ ድንቅ ይሆናል፣ ምንም አይቆራረጥም። የማንጎ ሶርቤ በሎሚ ለስላሳ ሞክርና ንገረኝ። ወፍራም አረፋ ግን አትጠብቅ፣ አረፋውን የሚያቆየው ወተቱ ነበርና። ወተት ለማይስማማቸው እንግዶችም ይሄው ያገለግላል፤ ክሬም ነገር ካማራቸው ደግሞ በኮኮናት ወተት የተሠራ አይስክሬም አለ።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ? ጡረታ የወጣሁ አያት ነኝ። ለበዓል ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ተሰብስበው ወደ 20 ሰው እንሆናለን። ፍሎት ላቀርብላቸው አስቤአለሁ፣ ግን ቶሎ ስለሚቀልጥ ለሁሉም እንዴት ላድርስ? ቀድሜ አዘጋጅቼ ፍሪጅ ባስቀምጠውስ?
*የልጅ ልጆች ናፋቂ*

መልስ፦ እናቴ፣ እባክዎ ቀድመው እንዳይቀዱት። እኔ አንድ ጊዜ ለእህቴ ልጅ ልደት 12 ብርጭቆ ከግማሽ ሰዓት በፊት ሞልቼ ፍሪጅ ውስጥ ደረደርኩ። ሳወጣው ጋዙ የለ፣ ኳሱ የለ፣ የደፈረሰ ቡናማ ወተት ሆኖ ጠበቀኝ። ልጆቹ አንዴ ቀምሰው ሲያስቀምጡት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ቀድመው የሚያዘጋጁት ኳሶቹን ብቻ ነው። በዋዜማው ትሪ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት ያንጥፉ፣ አይስክሬሙን በኳስ በኳስ እያወጡ ሳይነካኩ ይደርድሩት፣ ሸፍነው ፍሪዘሩ ውስጥ ይክተቱት። አይስክሬሙ ከዕቃው እንዲወጣልዎ 5 ደቂቃ ውጪ ቢያቆዩት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ሲለሰልስ ቆይቶ እንደገና ሲረጋ በረዶው እየሻከረ ይሄዳል፤ ጨርሶ የቀለጠ ከሆነ ደግሞ መልሰው አያስረጉት፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። ሌሊቱን ያደረው ኳስ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ያገኙታል፣ ቶሎ አይቀልጥም፣ አረፋውም ይረጋጋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ኳስ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከ1 ሊትር አይስክሬም 16 ኳስ ይወጣል። ለ20 ሰው ሁለት ሁለት ካደረሱ 2 ሊትር ተኩል አይስክሬምና 4 ሊትር ለስላሳ ይበቃዎታል። ብርጭቆዎቹንም ከተቻለ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩአቸው። ሰዓቱ ሲደርስ ትሪውን ያውጡና አንዱ ይቅዳ፣ አንዱ ኳስ ይጨምር፣ አንዱ ያድል። የልጅ ልጆችዎን ያሳትፏቸው! አረፋው ሲነሳ ማየት እኮ ለልጅ ከመጠጣቱ አይተናነስም። ፍሎት ራሱ የብዙ ሰው ድግስ ላይ የተወለደ ነገር ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እ.ኤ.አ. በ1874 አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ላይ ሮበርት ግሪን የተባለ ለስላሳ ሻጭ አይስክሬም ጨምሮበት መሸጥ እንደጀመረ ነው።

ጥያቄ፦ ሃይ! ጓደኞቼ «ፍሎት የሙቀት ጊዜ ነው፣ በብርድ ማን ይጠጣዋል?» እያሉ ያሾፉብኛል። የምወደው በዓል ደግሞ ብርድ ላይ ነው የሚውለው። መላ አለሽ? ደግሞ ቀይና ነጭ ሆኖ እንዲያምርልኝ እፈልጋለሁ።
*ብርድ የማይበግራት*

መልስ፦ መላማ አለ የኔ ቆንጆ! ለብርድ ጊዜ ቅመም ያለው ነገር ነው የሚያስፈልግሽ። አንድ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ሁለት እንጨት ቀረፋ፣ አራት ፍሬ ቅርንፉድና ጥቂት የተቆረጠ ዝንጅብል 10 ደቂቃ አፍልተሽ አውርጂ። ግማሽ ሰዓት ከድነሽ ተዪው፣ ከዚያ አጥልይው። ሲበርድ ፍሪጅ አስገቢው፣ አንድ ሳምንት ይቆይልሻል። ከዚህ ሽሮፕ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ብርጭቆ ሥር አድርገሽ ቀዝቃዛ ጋዝ ያለው ውሃ ጨምሪበት፣ ቫኒላ ኳስ ልቀቂበት፣ በላዩ ላይ ቀረፋ ነስነስ አድርጊበት። የቅርንፉዱ ሽታ አፍንጫሽ ጋ ሲደርስ ብርዱን ትረሺዋለሽ። ካልሆነም ትኩስ ካካዋ ላይ አንድ ኳስ ጣል አድርጊ፤ ጋዝ ስለሌለው እውነተኛ ፍሎት አይባልም፣ ግን ከላይ ቀዝቃዛ ከሥር ትኩስ ሆኖ ሲመጣ ደስ ይላል።

ለቀይና ነጩ እንጆሪን በስኳር አፍልተሽ፣ ጨፍልቀሽ አጥልይውና ወፍራም ሽሮፕ አድርጊው። ስኳር የበዛበት ነገር ስለሚከብድ ብርጭቆው ሥር ይተኛል። ጋዝ ያለውን ውሃ በማንኪያ ጀርባ ላይ እያንጠባጠብሽ ከቀዳሽበት ሁለቱ ወዲያው አይቀላቀሉም፤ ከሥር ቀይ፣ መሀሉ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ከላይ ነጭ ኳስና አረፋ ይሆንልሻል። የምግብ ቀለም አያስፈልግሽም። ማስጌጫም አታብዢ፣ ከረሜላውም ብስኩቱም የተመታው ክሬምም ሲደራረብ ኳሷ ክብደቱን አትችልም፣ ትገለበጥና ሁሉም ይሰምጣል። አንድ እንጆሪ ሰንጥቀሽ አፉ ላይ ሰኪበት፣ ረጅም ማንኪያና ስትሮ ጨምሪበትና አረፋው ሳይወርድ አቅርቢላቸው።