ፀሐይዋ አሁን የት ናት? ለወጣት የሬዲዮ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ዘንድሮ ሥራ ከጀመራችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ፣ “በአጭር ሞገድ ስንጣራ አውሮፕላኑ አይሰማንም፤ የትኛውን ፍሪኩዌንሲ ብንመርጥ ይሻላል?” ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ቁጥር ጽፌ ብልክላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። ቁጥሩማ በሠንጠረዥ ተጽፎ ፊታችሁ ተለጥፏል። የጎደላችሁ ከቁጥሩ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ያስተማሩኝ የመጀመሪያው አለቃዬ ናቸው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር የምሽት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። አንድ የጭነት አውሮፕላን ከምዕራብ፣ ከቻድ አቅጣጫ ወደ እኛ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ በ11300 ኪሎ ኸርዝ ጥርት ብሎ ሲሰማኝ ቆይቶ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ድምፁ እየሳሳ ሄደና ጠፋ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ደጋግሜ ተጣራሁ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ “ልጄ፣ ጉሮሮህን አታድክም። ፀሐይዋ አሁን የት ናት?” አሉኝ። በመስኮት አየሁና “ጠልቃለች” አልኳቸው። “እዚህማ ጠልቃለች። በአንተና በእሱ መካከል ባለው ሰማይ ላይስ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ዝም ብለው ወደ 5517 አዞሩ። አውሮፕላኑ እዚያ ሆኖ ይጠራን ነበር።

ያን ምሽት ሁለት ነገር ተደራርቦብኝ ነበር። አንደኛው ጨለማው ነው። ሁለተኛው፣ ለመገንዘብ ዓመት የፈጀብኝ፣ አውሮፕላኑ እየቀረበ መምጣቱ ነው።

ለቅርብ ርቀት የምንጠቀምበት የቪኤችኤፍ ሬዲዮ እንደ ዓይን ነው፤ ያላየው ጋ አይደርስም። በ35 ሺህ ጫማ ከፍታ የሚበር አውሮፕላን እንኳ ከ400 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ሲል ከአድማስ በታች ይሰወርበታል። አጭር ሞገድ ግን ሽቅብ ወጥቶ፣ አዮኖስፌር ከሚባለው ጣሪያ ተመልሶ፣ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አልፎ ይወርዳል። ያንን ጣሪያ የምትሠራው ፀሐይ ናት። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ዲ የተባለው ንብርብር ቀን ቀን ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ይውጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ቶሎ ይበተናል። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ኤፍ የተባለው ንብርብር ግን ሌሊቱን ሙሉ እየሳሳም ቢሆን ይቆያል። ስለዚህ ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ እንላለን። ይህን ከትምህርት ቤት ይዛችሁት መጥታችኋል። የማይነገራችሁ፣ ወሳኙ ሰማይ ከራሳችሁ በላይ ያለው ሳይሆን ሞገዱ የሚታጠፍበት የመንገዱ አጋማሽ መሆኑ ነው። ወደ ምዕራብ በየ15 ዲግሪው ፀሐይ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። አዲስ አበባ ሲመሽ፣ ወደ ምዕራብ በሚሄደው መንገድ አጋማሽ ላይ ያለው ጣሪያ ገና በብርሃን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን አንድ የታደልነው ነገር አለን፤ ሰዓታችን የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጣት ነው። የአቪዬሽን መዝገብ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይጻፋል፤ የእኛ የምሽት 12 ሰዓት እዚያ ላይ 15:00 ተብሎ ይሰፍራል። 15:00 የሚለው ቁጥር ስለ ሰማዩ ምንም አይነግረኝም። “12 ሰዓት ሆነ” ስል ግን የዲ ንብርብር ሊለቅ እንደተዘጋጀ፣ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ሊነቃ እንደሆነ ጆሮዬ ያውቃል። መዝገቡን በዓለም አቀፉ ሰዓት ጻፉ፤ ሰማዩን ግን በአገራችሁ ሰዓት አስቡት። የአሜሪካ ድምፅን ወይም የጀርመን ድምፅን ፍለጋ አባቶቻችን ሲመሽ የሬዲዮውን ማዞሪያ ከአንዱ ሜትር ባንድ ወደ ሌላው ሲያዞሩ ያደግን ሰዎች ይህን ትምህርት ያገኘነው በቤታችን ነው። እናንተ በስልክ ስላደጋችሁ ሆን ብላችሁ መማር አለባችሁ።

አሁን ወደ ርቀቱ ልመለስ፤ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅርብ ያለ አውሮፕላን ቀላል ይመስለዋል። ሩቅ ላለ አውሮፕላን ሞገዱ ጣሪያውን የሚያገኘው ዘንበል ብሎ ስለሆነ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲም ቢሆን ታጥፎ ይመለሳል። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ግን ቀጥ ብሎ ሊወጣ ምንም አይቀረውም፤ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ካለ ጣሪያውን በስቶ ወደ ህዋ ያመልጣል። በ13 ሜጋ ኸርዝ 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ያለው አብራሪ እየሰማችሁ፣ ከእናንተ ብዙም ያልራቀው ሳይሰማችሁ የሚቀረው ለዚህ ነው። የጭነት አውሮፕላኑ በቀረበ ቁጥር እኔ መውረድ ነበረብኝ፤ ባልመሸ እንኳ።

ታዲያ ፍሪኩዌንሲውን እስከ ስንት ድረስ ከፍ ማድረግ ይቻላል? ለእያንዳንዱ መንገድና ሰዓት ጣሪያው የሚመልሰው የመጨረሻ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ አለ። ዲ የሚውጠው ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር እየቀነሰ ስለሚሄድ ወደዚያ ወሰን መጠጋት ይጠቅማል። ወሰኑ ራሱ ግን ከቀን ቀን ይዋዥቃል። በሙያው የተለመደው የወሰኑን 85 በመቶ መያዝ ነው። ቀሪው 15 በመቶ ለሰማዩ ጠባይ የተተወ ነው፤ አትንኩት።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ሰማይ አንድ ነገር ልጨምር። የምድር የመግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በኬክሮስ ከአውሮፓ ጋር ለሚስተካከሉ አገሮች የተጻፈ መጽሐፍ የእኛን ምሽት አያውቀውም። በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ የፀሐይ እንቅስቃሴ በበረታባቸው ዓመታት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የኤፍ ንብርብር ይታወካል፤ ድምፁ እንደ ብርድ የያዘው ሰው ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ጀማሪ ሬዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል። ሌላ ፍሪኩዌንሲ ሞክሩ፤ እዚያም ከተንቀጠቀጠ አጭር መልእክት ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ ካልሆነም መካከል ላይ ያለ ሌላ አውሮፕላን መልእክቱን እንዲያቀብል ለምኑ። መለመን ነውር አይደለም።

ስለ ፍሪኩዌንሲ ምርጫ ሳስብ ሁልጊዜ የማስታውሳት አሜሪካዊቷን አብራሪ አሚሊያ ኢርሃርትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ዓለምን ስትዞር በምፅዋና በአሰብ በኩል አልፋ ነበር። ከሳምንታት በኋላ፣ ጁላይ 2 ቀን፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ሃውላንድ የተባለችውን ትንሽ ደሴት ስትፈልግ አብሯት ይበር ከነበረው የአቅጣጫ መሪዋ ጋር ጠፋች። ለሌሊት 3105፣ ለቀን 6210 ኪሎ ኸርዝ ነበራት፤ አመራረጡ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው። በደሴቷ አጠገብ ቆማ ትጠብቃት የነበረችው ኢታስካ የተባለች መርከብ ድምፅዋን በ3105 በኃይል ትሰማው ነበር። እሷ ግን መርከቧን አትሰማም። አቅጣጫ ለማግኘት በ7500 ምልክት እንዲላክላት ጠየቀች፤ ተላከላት፤ ሰማችውም። ሆኖም ያ ፍሪኩዌንሲ ለአቅጣጫ መፈለጊያ አንቴናዋ ከልክ በላይ ከፍተኛ ስለነበር ከየት እንደመጣ መለየት አልቻለችም። በመጨረሻም ይህንኑ መልእክት በ6210 እደግመዋለሁ፣ ጠብቁ አለች። ከዚያ በኋላ መርከቧ ድምፅዋን አልሰማችም።

የመጥፋቷ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ስለ ነዳጁም ስለ ጉዞ ስሌቱም ብዙ ተብሏል። እኔ ግን ያቺን ሰዓት ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ያዝናል። በኃይል የሚሰማውን ፍሪኩዌንሲ ትታ፣ ማንም “እሰማሻለሁ” ወዳላላት ሄደች። ሰዓቱ ቀን ስለሆነ የቀኑን ፍሪኩዌንሲ መያዝ ደንብ ነው። ደንቡ ግን አዲሱ ሳይጨበጥ አሮጌው ይለቀቅ አይልም። ለዚህ ነው ዛሬ ለአብራሪው ዋናና ተጠባባቂ ብላችሁ ሁለት ፍሪኩዌንሲ የምትሰጡት፤ በመጀመሪያው ግንኙነት ላይም አንድን አውሮፕላን ለይቶ የሚጠራውን ሴልካል የምትፈትሹት። ያ የጥሪ ምልክት ደወሉን ሲመታ፣ አብራሪዎቹ ጫጫታውን ዝቅ አድርገው ሥራቸውን መሥራት ይችላሉ። ፍተሻውን ለመዝገብ ማሟያ ብቻ የሚያደርግ ሰው ሳይ እቆጣለሁ።

አንድ ልማድ ግን የሚያሳስታችሁ ጊዜ አለ። ግንኙነት ሲበላሽ እጃችሁ ወደ ታች ማዞር ይለምዳል። በቀን፣ ድንገት፣ ሁሉም ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ ጸጥ ካለ ግን የፀሐይ ፍንዳታ ይሆናል። የዲ ንብርብር ስለሚወፍር መጀመሪያ የሚታፈነውም በመጨረሻ የሚመለሰውም ዝቅተኛው ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ውጡ፤ ካልሆነም ታገሡ። በሴፕቴምበር 2017 የካሪቢያን ደሴቶች በኢርማ አውሎ ነፋስ በሚመቱበት ሳምንት ብርቱ የፀሐይ ፍንዳታዎች ተከስተው፣ የአጭር ሞገድ ግንኙነት ብርሃን ባለበት የምድር ገጽ ላይ ተቋርጦ ነበር። ሌሊት በሆነበት በኩል ይህ አይደርስም።

“ሳተላይት እያለ ይህ ሁሉ ለምን?” ትሉኛላችሁ። ሳተላይቱን እወደዋለሁ፤ ሥራችሁን አቅልሎላችኋል። ሆኖም ከምድር ወገብ በላይ ቆመው የሚያገለግሉት ሳተላይቶች ዋልታዎቹን አያዩም፤ በዚያ የሚያልፍ አውሮፕላን ዛሬም አጭር ሞገድን ይፈልጋል። በአፍሪካ ሰማይም አብራሪዎች በ126.9 ሜጋ ኸርዝ እርስ በርሳቸው ያሉበትን ቦታ የሚያሳውቁት፣ ከምድር የሚመጣው ድምፅ በሁሉም ቦታ አስተማማኝ ስላልሆነ ነው። ያ ክፍተት የሚጠበው በጆሯችሁ ትጋት ጭምር ነው።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀናችሁ አንድ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ተውሳችሁ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ተቀመጡ። ከሩቅ የሚመጣ አንድ ጣቢያ በሁለት ወይም በሦስት ፍሪኩዌንሲ ፈልጉ። አየርላንድ ያለው ሻነን ለአብራሪዎች የአየር ሁኔታ በ5505 ኪሎ ኸርዝ ያነባል፤ በቀን ደግሞ በ13264 ይጨምራል፤ ከእሱ መጀመር ትችላላችሁ። በየሩብ ሰዓቱ የትኛው እንደተሰማና እንዴት እንደተሰማ ጻፉ፤ ያልተሰማውንም አትዝለሉ። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቆዩ። ወረቀቱን ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እናየዋለን፤ ቤቴ ለእናንተ ክፍት ነው።