ጣና ላይ የሆነውን ቃለ መጠይቅ ላይ ልናገረው?

ጥያቄ፦ "ጋሼ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ምኞቴ የመርከብ ማሽን ላይ መሥራት ነው። ክረምት ላይ አራት ጓደኛሞች ለቤተሰብ ሳንናገር የአጎቴን ሁለት ታንኳ ይዘን ከዘጌ ወደ ክብራን ገብርኤል ደሴት ወጣን። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ላይፍ ጃኬትም አልነበረንም። አንዱ ጓደኛችን ገና ስንነሣ 'ይቅርብን' ቢለን ፈሪ አልነው። መሀል ላይ ንፋስ ተነሣ። የእሱ ታንኳ ተገለበጠና ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሆነ። ዓሣ አጥማጆች ደርሰው አወጡን። በማግስቱ እናቱ ዘንድ ሄጄ ሐሳቡ የእኔ እንደነበር ነገርኳቸው። አባቴ ከእንግዲህ ውሃ ዳር አትድረስ ብሎኛል። እኔም ሞገድ ሳይ ልቤ ይመታል። ምኞቴን ልተወው? ቀጣሪዎች ቢጠይቁኝስ ልደብቀው?"

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ።

ስለ ፍርሃቱ ልጀምር። መፍራትህ ለሥራው አትሆንም ማለት አይደለም። የዘጌ ታንኳ ቀዛፊዎችም ጣናን ይፈሩታል። ጠዋት ወጥተው በጊዜ ለመመለስ የሚጣደፉት ከሰዓት በኋላ ንፋስ እንደሚነሣ ስለሚያውቁ ነው። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ በጠጣ ቁጥር ታንኳው እንደሚከብድም ያውቃሉ። ስለዚህ ከውሃ አውጥተው ያደርቁታል። ጣና ጥልቅ አይደለም፣ የመጨረሻው ጥልቀት 15 ሜትር ገደማ ነው። ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ውሃ ነው፤ ንፋስ ካገኘው ሞገዱ ቶሎ ይነሣል። እናንተ ይህን ሁሉ የሚያውቅ አጎት እያላችሁ ሳትጠይቁት ወጣችሁ።

ደብዳቤህ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ግን "ፈሪ አልነው" የምትለዋን ነው። መርከብ ላይ ሰው የሚገድለው ይህ ነው። አንድ ጀማሪ በጋለ ማሽን አጠገብ ነዳጅ ሲንጠባጠብ አይቶ እንዳይሳቅበት ዝም ቢል መርከቡ በሙሉ ሊቃጠል ይችላል። በዓለም አቀፉ ሕግ እያንዳንዱ የመርከብ ሠራተኛ ቢያንስ በየወሩ አንድ ጊዜ የእሳትና መርከብ ለቆ የመውጣት ልምምድ ማድረግ አለበት። ሃያ ዓመት የሠራውም፣ ትናንት የገባውም። "ይቅርብን" የሚል ሰው እዚያ ይሰማል፤ መሰማትም አለበት። አንተ ይህን በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ሰው ሳይሞት ተምረኸዋል። እናቱ ፊት ቆመህ "ሐሳቡ የእኔ ነበር" ማለትህ ደግሞ እኔን ከምንም በላይ ያኮራኝ ነገር ነው። ከጓደኛህ ጋር ስለመነጋገርህ ግን አልጻፍክልኝም። ካላናገርከው በዚህ ሳምንት አግኘው።

አትደብቀው። ሲቪህ ላይ አትጻፈው፣ ሳትጠየቅም አታንሣው። "ያጠፋኸውን ጥፋት ንገረን" ካሉህ ግን ይህንን ተናገር፦ "ጓደኛችን እንቅር ሲል አልሰማነውም። ላይፍ ጃኬት አልነበረንም። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ስጋት ካለው ሥራ አቁሜ እሰማዋለሁ።" ይበቃል። ሞገዱን አታሳድገው፣ ራስህንም ጀግና አታድርግ።

ለመወሰን ደግሞ አትቸኩል። መጀመሪያ ዋና ተማር፣ በመዋኛ ገንዳ፣ ከአሠልጣኝ ጋር። የራስህ ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም (የመርከብ ሙያ) አካዳሚ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ላይ ነው። የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቃንን ይቀበላል። መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ደግሞ ውሃ ውስጥ ነፍስ ማትረፍን፣ እሳት ማጥፋትንና የመጀመሪያ እርዳታን መሠልጠን ግዴታው ነው። ዋና ለምደህም ልብህ አልረጋ ካለ ሙያህ አይባክንም። የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ አውርዶ ኃይል የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እዚያም ተርባይን የሚያውቅ መካኒካል መሐንዲስ ያስፈልጋል። የብስ ላይ ሆነህ ከውሃ ጋር ትሠራለህ።

አባትህን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሃለሁ። ሳይሰሙ አትመዝገብ። ያኔም ያጠፋችሁት በድብቅ በመውጣታችሁ ነው። እሳቸውን ብቻህን ከመግጠም የዘጌውን አጎትህን ይዘህ ሂድ። ታንኳውን ሳትጠይቅ ስለወሰድክ መጀመሪያ እሱን ይቅርታ ጠይቀው። ከዚያ ሥልጠናው ምን እንደሚያስተምር ለአባትህ አንድ በአንድ አስረዳቸው። እንቢ ካሉም አትቆጣ፤ ዋናውን እየተማርክ ቆይና እንደገና ጠይቃቸው።