መልስ፦ ታይላንድ፣ ቬትናም ወይስ ማሌዥያ?
«ለውጭ ድርጅት በኢንተርኔት እየሠራሁ የት ልኑር?» ላልከው፣ በባንክ 500,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ማሳየት ከቻልክ ያለጥርጥር ታይላንድ። ዲቲቪ የሚባለው ቪዛ 5 ዓመት ያገለግላል፤ በገባህ ቁጥር 180 ቀን ትቆያለህ። ለታይ ቀጣሪ መሥራት ግን አይፈቅድም።

ገንዘቡ ካልሞላልህ ቬትናምን ሞክር። በኢንተርኔት አመልክተህ የምታገኘው ቪዛ ለ90 ቀን ነው፤ ሲያልቅ ወጥተህ እንደ አዲስ ታመለክታለህ። አገሩን ለማየት እንጂ ኑሮ ለመመሥረት አይመችም።

ማሌዥያን የምመክረው በቴክኖሎጂ ሙያ በዓመት ከ24,000 ዶላር በላይ ካገኘህ ብቻ ነው፤ በርቀት ለሚሠሩ የምትሰጠው ቪዛ ይህን ገቢ ይጠይቃል።

ታይላንድ ቤት ስትከራይ ተጠንቀቅ። አከራዩ በገባህ በ24 ሰዓት ውስጥ ቲኤም 30 በሚባለው ቅጽ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። እንደሚያደርገው ሳታረጋግጥ ውል አትፈርም፤ ደረሰኙን ካልያዝክ ቆይታህን ለማራዘም ስትሄድ ከመስኮቱ ሊመልሱህ ይችላሉ። ከኢትዮጵያ የምትነሳ ከሆነ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባቱን ከጉዞህ ቢያንስ 10 ቀን ቀድመህ ውሰድ፣ ካርዱንም ከፓስፖርትህ ጋር ያዝ።