እናትሽን ትቶ አንቺን ስለሚያባርረው አውራ ዶሮ

ሰላም እኅቴ፤ ስምንት ወር የሞላው ቀይ አውራ ዶሮሽ አንቺንና የአምስት ዓመት ልጅሽን እያሳደደ እንደሚመታ፣ እናትሽን ግን ዞር ብሎ እንደማያያቸው ጽፈሻል። ጎረቤትም «በዱላ አደብ አስገዢው» ብሎሻል። ከዶሮ ጋር ያደግሁ ስለሆንኩ በአጭሩ ማለፍ አልቻልኩም።

ከሁሉ በፊት ልጅሽ። ከዛሬ ጀምሮ ብቻዋን ወደ ግቢው አትውጣ። በአንቺ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፈው የኋላ ጥፍር እርሷን ፊቷ ላይ ሊያገኛት ይችላል። የወጋት ቦታ ካለ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቢውና ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ ጠባብና ጥልቅ ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል ስለሚችል የክትባት ካርዷን አትርሺ።

ወደ አውራው ልመለስ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ለአውራነት ሲደርስ የወንዴ ሆርሞኑ ይጨምራል፤ ከዚያ ወዲያ በግቢው ውስጥ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ መፈተን ይጀምራል። የሚፈትነው ዶሮዎችን ብቻ አይደለም። ሰውንም ከሰው ይለያል። ስለዚህ አንድ አውራ ለአንዱ ገራም፣ ለሌላው ጠበኛ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ የሚመጣው ከሰውየው ጠባይ ነው።

ቢሾፍቱ የቤተሰቦቼ ግቢ ውስጥ አንድ ገብስማ አውራ ነበረን። ታላቅ ወንድሜ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነው። ገብስማው እግሩን ሲመታው መጥረጊያ አንሥቶ ግቢውን ሙሉ አባረረው። ዶሮው ከዚህ የተማረው ግን መፍራትን ሳይሆን ይህ ሰው ከመጣ ጠብ እንዳለ ነው። የወንድሜን ድምፅ ከበር ሲሰማ የአንገቱን ላባ ነፍቶ ይጠብቀው ጀመር፤ ውሎ አድሮም ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን መጥረጊያ ሳይቀር ይመታ ነበር።

አክስቴ በዚያው ግቢ፣ ከዚያው አውራ ጋር በሰላም ትኖር ነበር። ባልዲዋን ይዛ ስትገባ ገብስማው አንድ ክንፉን እስከ መሬት ጥሎ በጎን በኩል እየተራመደ ይቀርባታል። ባልዲውን በመካከላቸው አድርጋ ትቆማለች። አትመታውም፣ አትጮህም፣ አንዲት እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ አትልም። እርሱ ፊቱን አዙሮ መሬት መጫር ሲጀምር በዚያው በዝግታ አረማመዷ ወደ መጋቢያው ትሄዳለች። ለዶሮው ብላ የምታደርገው አይደለም፤ ከሰው ጋርም እንዲሁ ናት፣ አትቸኩልም፣ አትደነግጥም። እናትሽም እንዲህ ያሉ ሰው ይመስሉኛል። ነገ ጠዋት ሲገቡ ከመስኮት ሆነሽ አረማመዳቸውን ተመልከቺ።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሦስተኛ ጠባይ አለ፤ እርሱም ማቀማጠል ነው። ከጫጩትነቱ በእቅፍ ያደገ፣ ከእጅ ጥሬ የለቀመ አውራ የሰው ፍርሃት የለውም። ሲጎረምስ ሰውን እንደ ሌላ አውራ ዶሮ ቆጥሮ ይጋጠመዋል፤ አሳዳጊው ደግሞ «ውለታዬን ረሳ» ብሎ ያዝናል። ቄቦችን እንደ ልብሽ አቅፊ፤ ወንዱን ግን መግበሽና ጠብቀሽ ራቂው።

አንቺ በጻፍሽው መሠረት ሲመጣብሽ ትሸሺያለሽ። እኔም በተፈጥሮዬ ድንጉጥ ነኝ፤ ስለዚህ «ደፋር ሁኚ» አልልሽም፣ ጠባይ በምክር አይለወጥም። ሥራውን ከጠባይሽ ጋር ማስማማት ግን ይቻላል። ቦት ጫማና ወፍራም ሱሪ ልበሺ፤ እግሩ እንደማይጎዳሽ ስታውቂ ሰውነትሽ ራሱ ይረጋጋል። ባዶ እጅሽን አትግቢ፤ ሰፊ ባልዲ ወይም የካርቶን ክዳን ለመከለያ ያዢ። ዓይን ዓይኑን አትመልከቺ፣ ጀርባሽንም አትስጪው። ሲቃጣብሽ መቆም ብቻ ይበቃል፤ ከመጣሽበት አትመለሺ፣ ዞር እስኪል ታገሺ። የዶሮ ቤቱን መጥረግና ማስተካከል ደግሞ ለምሽት ይቆይ። ዶሮ በጨለማ በደንብ አያይም፤ ቆጥ ላይ ከወጣ በኋላ ቀን ሲዘልብሽ የዋለውን አውራ በሁለት እጅ ክንፉን ከገላው ጋር ይዘሽ ልታወርጂው ትችያለሽ። የኋላ ጥፍሩን ጫፍ በሞረድ ማደብዘዝም ያኔ ይመቻል፤ ውስጡ ደም ስላለው ጫፉን ብቻ።

ቁጡ ሰው ከሆነ የሚጠብቀው፣ ሥራውን ለሌላ ይስጥ። ወንድሜ መመገቡን ከተወ በኋላ ገብስማው ለቤተሰቡ ሁሉ ረገበ።

በእግሩ አንጠልጥለሽ ዘቅዝቂው የሚል ምክር ከመጣ አትቀበዪው። ዶሮ እንደ እኛ ደረቱንና ሆዱን የሚለይ ጡንቻ የለውም፤ ሲዘቀዘቅ የሆድ ዕቃው የአየር ከረጢቶቹን እየተጫነ መተንፈስ ያስቸግረዋል። ስቃይ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም።

ይህን ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት ሞክረሽ እናትሽን ጭምር መምታት ከጀመረ ወይም ልጅሽን ከግቢው መለየት ካልተቻለ፣ አታቆዪው። ሴቶቹ ያለ አውራም እንቁላል ይጥላሉ፤ አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው። ጠበኝነት በዘርም ስለሚተላለፍ ከእርሱ የተገኘውን እንቁላል አታስታቅፊ፣ ለምግብ ይሁን። ለበዓል ማረድ ነውር የለበትም። የምትሸጪው ከሆነ ግን ለገዢው ጠባዩን ሳትደብቂ ንገሪው፤ እርሱም ቤት ትንንሽ ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ።